ቆርጦ ለተወ የሚከፈል

ዛፍ ለመለካት ስቀጠር ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሮቤ ተወልጄ፣ ሮቤ ተምሬ፣ በደን ሙያ ዲፕሎማ ይዤ ሁለት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ችግኝ ስቆጥር ከርሜያለሁ። ችግኝ መቁጠር ማለት በክረምት ዘመቻ የተተከለውን ወረቀት ላይ ማብዛት ነው፤ በበጋ ስንቱ እንደተረፈ የሚጠይቅ አልነበረም። ስለዚህ አንድ ፕሮጀክት ሐረና ደን ውስጥ ዛፍ የሚለካ፣ ኦሮምኛም አማርኛም የሚናገር ሰው ይፈልጋል ሲባል ማመልከቻዬን ያስገባሁት በዚያው ቀን ነው።

አባቴ ሮቤ ገበያ ዳር ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጥ ነበር። ወሬውን ስነግረው ቆርቆሮ እየቆጠረ ነበርና ቀና ሳይል፣ "ለክተው ምን ሊያደርጉት ነው?" አለኝ።

"ሀብታም አገሮች ደኑ እንዳይቆረጥ ገንዘብ ይከፍላሉ" አልኩት።

"ለማን?"

"ለጠበቀው ሰው።"

ይህን መልስ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደደገምኩት አላህ ያውቃል። በስብሰባ ላይ፣ በየመንደሩ፣ በሁለት ቋንቋ ተናግሬዋለሁ። ሐሰት መሆኑን ካወቅኩ በኋላም ተናግሬዋለሁ።

ዘመኑ ገዢው ግንባር አገሩን ከላይ እስከ ታች በእጁ የያዘበት፣ ገበሬው ሁሉ አንድ ለአምስት ተደራጅቶ የሚሰበሰብበት ዘመን ነው። ስብሰባ የሚታዘዙበት እንጂ የሚጠይቁበት ቦታ አልነበረም። የኛ ፕሮጀክት ግን ሲመጣ ሌላ ዓይነት ሆኖ ነው የመጣው። ሕዝቡ ይጠየቃል፣ ይፈርማል፣ ይከፈለዋል ተባለ። እኔም አመንኩ። ወጣት ነበርኩ፤ አበሉም ጥሩ ነበር።

ወደ ሐረና የሚወስደው መንገድ ከጎባ ሽቅብ ወደ ሳነቲ ወጥቶ፣ ሳነቲን አቋርጦ ቁልቁል ይወርዳል። ላይ ሜዳው ላይ ነፋሱ ፊት ይልጣል። ግማሽ ሰዓት ሲወርዱ ደግሞ ሹራብ ያስወልቃል፤ ጉሙ ይቀበላል፤ ከጉሙ ውስጥ የዛፍ ሽበት የተንጠለጠለባቸው ግንዶች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። እኔ የተመደብኩበት መንደር ከመኪናው መንገድ የሁለት ሰዓት የእግር ጉዞ ነበረው። እዚያ መንገድ እንዲመሩኝ የተሰጡኝ ሰው የመንደሩ የደን አስተዳደር ማኅበር ሊቀመንበር ነበሩ። ሁሉም የሚጠራቸው ሐጂ እያለ ነው፤ እኔም ሐጂ እላቸው ነበር።

ሐጂ ቀጭን፣ ረጅም፣ በቀን ሦስት ዓረፍተ ነገር የሚበቃቸው ሰው ነበሩ። ኑሯቸው ማር ነው። ከአባታቸው የወረሷቸው ዛፎች ነበሩ፤ በእያንዳንዱ ላይ ከእንጨት የተፈለፈለ ረጅም ቀፎ ይሰቅላሉ። በደርግ ጊዜ ግንድ ጭነው ሊወጡ የመጡ ሰዎችን መኪና መንገድ ላይ ተኝተው አስመልሰው፣ ለዚያ ጎባ ታስረው ነበር። ይህን ግን የነገሩኝ እሳቸው አይደሉም፤ ሚስታቸው ናቸው።

የመንደሩ ሕግ አጭር ነበር። ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ አይነካም። ቀፎ ሊሰቀልበት የሚችልም አይነካም። ይሄ ደግሞ በሐጂ አስተያየት ሁሉም ዛፍ ነው። የቆረጠ ሰው ጊደር ይከፍላል። ሁለተኛ ከቆረጠ ለሠርጉም ለቀብሩም የሚመጣለት የለም። ሕጉን ያወጣው ፕሮጀክት አይደለም፣ መንግሥትም አይደለም። ከሐጂ አባት በፊት ጀምሮ የነበረ ነው።

ከወንዙ ማዶ ሌላ መንደር ነበር። የማዶው ደን እንደ ጨርቅ ተቦጫጭቋል። ግማሹ ሰው ከደጋው መሬት ጠብቦት የወረደ፣ ግማሹ የዚያው ተወላጅ ነው፤ ሁሉም ግን በቆሎ መዝራት ነበረበት። በየበጋው ይቆርጣሉ፣ ያቃጥላሉ፣ ይዘራሉ። ከሐጂ መንደር ሆኜ ማታ ማታ የማዶውን እሳት አይ ነበር።

አምስት ሳምንት አብረን ለካን። ሥራው ቀላል ነው። በተወሰነው ቦታ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ዛፍ በደረት ከፍታ ላይ ሜትር ይጠመጠምበታል፣ ውፍረቱ ይጻፋል፣ ቁጥር ያለው ትንሽ ቆርቆሮ በሚስማር ይመታበታል። ትልልቆቹን ዝግባዎች ብቻዬን ማቀፍ ስለማልችል ሐጂ የሜትሩን ጫፍ ይዘው በግንዱ ዙሪያ ይዞሩልኛል። ሚስማሩን ስመታ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ "ኢንተላ ኮ" ይሉኝ ጀመር፤ ሴት ልጄ ማለታቸው ነው። አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ ተቀምጠን ቆሎ ስንበላ ጠየቁኝ።

"ይሄን ነገር የሚገዛው ማነው?"

"ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ናቸው ሐጂ። ፋብሪካቸው ጭስ ያወጣል። ዛፉ ጭሱን ይውጥላቸዋል። ለዚያ ይከፍላሉ።"

"እነሱ ጭሱን አያቆሙም?"

"ቀስ በቀስ ያቆማሉ ይባላል።"

"እኛ ግን አሁኑኑ መቁረጥ እናቆማለን።"

"እናንተ መቼ ጀመራችሁና ነው የምታቆሙት?" አልኳቸው።

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚያች ጨዋታ ውስጥ ነበር፤ ሁለታችንም አላየነውም።

ልኬቱ ካለቀ በኋላ ለሥልጠና አዳማ አንድ ሆቴል አስገቡን። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ንግግሩ የሚጥም ሰው ነበር። ክፍያው እንዴት እንደሚሰላ ሲያስረዳ ምሳሌ አመጣ። "ሁለት ሰዎች አሉ እንበል" አለ። "አንዱ በቀን አንድ ፓኮ ሲጋራ ያጨሳል። ሌላው አጭሶ አያውቅም። እኔ ሲጋራ ላቆመ ሰው እከፍላለሁ ብል ገንዘቡ ለማን ነው የሚደርሰው?"

"ለሚያጨሰው" አሉ ሰዎቹ።

"ለማያጨሰውስ ምን ብዬ እከፍለዋለሁ? ምን አቆመና?"

አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ደኑ በየዓመቱ ምን ያህል ይቆረጥ እንደነበር ይታያል፤ ያ መነሻ ይባላል። ከመነሻው ምን ያህል ቀነሰ? የሚከፈለው ለቀነሰው ብቻ ነው። መነሻው ዜሮ የሆነ መንደር ምንም ሊቀንስ አይችልም።

እጄን አወጣሁ። "እኔ የለካሁት መንደር አለ" አልኩ። "ከድሮም አልቆረጡም። እነሱስ?"

"ጥሩ ጥያቄ ነው" አለ አሠልጣኙ። "እነሱ በሌላ መንገድ ተጠቃሚ ይሆናሉ። ግን ይህን ዝርዝር ወደ ማኅበረሰቡ አታውርዱት፤ ያምታታቸዋል።"

ደብተሬ ላይ "ወደ ማኅበረሰቡ እንዳይወርድ" ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም አሰመርኩበት።

ከጥቂት ወራት በኋላ የፊርማው ቀን ደረሰ። ሁለቱ መንደሮች የማኅበራቸውን መተዳደሪያ ደንብ የሚያጸድቁበት፣ ደኑን ለመጠበቅ ቃል የሚገቡበት ቀን ነው። ደንቡ ዝግባ የቆረጠ ሰው ለፍርድ ቤት ይተላለፋል ይላል። የወረዳው ኃላፊ ተናገረ፣ የኛ አስተባባሪ ተናገረ፤ ሰዉ አጨበጨበ። የሐጂ ተራ ሲደርስ ግን ወረቀቱ ፊት ቆሙ። ኃላፊውንም አስተባባሪውንም አልፈው ወደ እኔ ዞሩ።

"ኢንተላ ኮ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?"

ሰዉ ሁሉ አየኝ። አስተባባሪውም አየኝ። ሲጋራውንና አጫሹን ልነግራቸው እችል ነበር፤ ምሳሌው አጭር ነው፣ ማንም ይገባዋል።

"እውነት ነው ሐጂ" አልኩ።

አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ። ከኋላቸው የመንደሩ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ፈረመ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። እንግዶች ይመጣሉ፣ ደኑን ያያሉ፣ ሐጂን ፎቶ ያነሳሉ፣ ይሄዳሉ። አንድ ዓመት የፕሮጀክቱ የቀን መቁጠሪያ ላይ ሐጂ ቀፎ ታቅፈው ወጡ። ሮቤ ባለው ቢሯችን ግድግዳ ላይ ዓመቱን ሙሉ ተሰቅለው ነበር። አንድ ቅጂ ወስጄ ሰጠኋቸው፤ ሚስታቸው ጀርባው ላይ ለሰው ያበደሩትን እህል በከሰል ምልክት ያደርጉበት ነበር። ማዶ ያሉት በበኩላቸው እውነትም መቁረጥ ቀነሱ። ይህን መካድ አይገባም። የማዶው ሊቀመንበር ጎበዝ ሰው ነበር፤ በየቤቱ እየዞረ ሰው አሳምኗል፣ የገዛ ወንድሙን ሳይቀር ከስሷል።

የክፍያው ቀን በወረዳው አዳራሽ ነበር። ሐጂ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የወረዳው ኃላፊ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው፤ ይህን ዜና በራሱ አፍ ማውጣት ግን አልፈለገም። "ባለሙያዋ ታስረዳ" አለ። አስተባባሪው በአማርኛ እየነገረኝ እኔ እየተረጎምኩ አስረዳሁ።

ለማዶው መንደር የደረሰው ወፍጮ የሚያስተክል፣ አልፎም ያገለገለ አይሱዙ የሚያስገዛ ነበር። ለሐጂ መንደር የደረሰው የማኅበሩን ቢሮ ቆርቆሮ የሚያለብስ ነበር።

ሐጂ ተነሱ። ድምፃቸው እንደወትሮው ነው።

"ልጠይቅሽ። ማዶ ያሉት ከኛ የበለጠ ደን አላቸው?"

"የላቸውም።"

"ከኛ የበለጠ ጠብቀዋል?"

"እነሱ... ይቆርጡ ነበር፤ አሁን ቀንሰዋል። ገንዘቡ ለቀነሰው ነው።"

"እኛም ብንቆርጥ ኖሮ ይከፈለን ነበር ማለት ነው?"

አስተባባሪው "ምን አሉ?" አለኝ በአማርኛ። ነገርኩት። "እንደዚያ አይደለም በያቸው" አለኝ።

እንደዚያ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳን እውነቱን ለመናገር ብዬ ይሁን፣ ከድካም ይሁን አላውቅም፤ "አዎ ሐጂ" አልኩ።

ሐጂ ወደ ኋላ ዞረው ለሰዎቻቸው ደገሙላቸው። "ብንቆርጥ ኖሮ ይከፈለን ነበር ትላለች።" አላዘኑም፣ አልተቆጡም። መልእክት እንዳደረሰ ሰው ተቀመጡ።

ያኔ የማዶው ሊቀመንበር ተነሳ። "እኛ ቸግሮን ቆረጥን" አለ። "እነሱ ቸግሯቸውም አልቆረጡም። ወፍጮው የሁለታችን ይሁን፤ ወንዙ ላይ እንትከለው።" የወረዳው ኃላፊ መመሪያው እንደማይፈቅድ ነገረው። የአንዱ ማኅበር ገንዘብ ለሌላው ማኅበር ከዋለ ሒሳቡ አይዘጋም። ሊቀመንበሩ ተቀመጠ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንገቱን አላቀናም። ሲወጡ ሐጂን እጃቸውን ይዞ ሲያናግራቸው አየሁ። ሐጂ ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርገውት ሄዱ።

የሆነው ሁሉ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። የሐጂ መንደር ጎረምሶች መቁረጥ ጀመሩ። መጀመሪያ በድብቅ፣ ኋላ በግላጭ። ሽማግሌዎቹ ሲቆጧቸው "እናንተ ናችሁ ከገንዘቡ ያስቀራችሁን" ይሏቸዋል። ጊደር ክፈል የተባለ አንድ ልጅ "ማዶ ለቆረጠ ወፍጮ ተተከለ፤ እናንተ ጊደር ትጠይቁኛላችሁ" አለ አሉ። ከፋዩ ጠፋ፤ ሕጉም ጠፋ። ያን ሁሉ ዘመን የኖረ ሕግ ለመጥፋት ሁለት በጋ አልፈጀበትም። ሐጂ ወረዳ ሄደው አመለከቱ፤ እናጣራለን ተባሉ። ቀበሌ ሄዱ፤ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባሉ።

አንድ ማለዳ ሮቤ ቢሯችን መጡ። ጀለቢያቸው ጫፉ ጭቃ ነክቶታል። ከመንደራቸው በእግር ወጥተው፣ ጭነት መኪና ላይ ሳነቲን ተሻግረው፣ ጎባ አድረው ነው የመጡት። አስተባባሪው ቢሮ አስገባኋቸው፤ ተርጉሚልኝ አሉኝ።

"አንድ ዝግባ ቆርጫለሁ" አሉ። "ከአባቴ የወረስኩት ነው፤ ቀፎዎቹን አውርጄ፣ ከልጄ ጋር ሆነን ቆረጥነው። መንገድ ዳር ነው፤ ማንም ያየዋል።"

ተረጎምኩ። አስተባባሪው ብዕሩን አስቀመጠ።

"አሁን እኔ ቆራጭ ነኝ" አሉ ሐጂ። "መዝግቡኝ። ከዛሬ ጀምሮ አቁሜያለሁ፤ ስለዚህ ክፈሉ። ለእኔ ሳይሆን ለመንደሩ። ልጆቹ ገንዘቡ ለቆረጠ ነው ብለው ደኑን እየጨረሱት ነው። የኔ አንድ ዛፍ ይበቃ እንደሆነ እዩልኝ። ከበቃ ሌላውን ይተዉታል።"

ይህንም ተረጎምኩ። አስተባባሪው መጀመሪያ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ያልጠበቀው ነገር ስለሆነበት ነው። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። "የማኅበር ሊቀመንበር፣ ዝግባ፣ መንገድ ዳር" አለ ለራሱ። በሚቀጥለው ወር የገንዘቡ ባለቤቶች ሊጎበኙ ይመጡ ነበር። "ሻይ አስመጪላቸው፤ ውጪ ይቀመጡ፤ እንዳይሄዱ" አለኝና በሩን ዘጋ።

በሩ ስስ ነበር። ስልክ ሲደውል ሰማሁት። "ፖሊስ" ሲልም ሰማሁ።

ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከሐጂ ጎን ተቀመጥኩ። ሻዩ መጣ። ስኳሩን እያማሰሉ አባቴን ጠየቁኝ፣ ንግዱ እንዴት ነው አሉኝ። "አለቃሽ ጥሩ ሰው ነው፤ ለአባትሽ ንገሪልኝ" አሉ፤ አስተባባሪውን ማለታቸው ነው። "መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ ግን ገባው።"

ልነግራቸው ጊዜ ነበረኝ። ሻዩ እስኪመጣ ያለው ጊዜ፣ ከመጣም በኋላ ያለው ጊዜ ነበር። የውጪው በር ክፍት ነው፤ የጎባ ሚኒባስ የሚሞላው ከቢሯችን ፊት ለፊት ነው። "ይሂዱ ሐጂ" ማለት ሁለት ቃል ነው። ሥራዬን አሰብኩ። የቤት ኪራዬን አሰብኩ። ንግዱ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ፣ አልኳቸው።

ሁለት ፖሊሶች መጡ። አንደኛው ከደኑ ግርጌ ያለችው የደሎ መና ልጅ ነበር፤ ሐጂን ያውቃቸዋል። ሲያያቸው ቆሞ ቀረ። ወረቀቱን ያነበበው ሌላኛው ነው። ሐጂ እስኪጨርስ አዳመጡ፤ ብርጭቆው በእጃቸው እንዳለ ነው።

"ሻዩን ልጨርስ?" አሉ።

"ይጨርሱ ሐጂ" አለ የደሎ መናው ልጅ።

ጨርሰው ብርጭቆውን ወለሉ ላይ፣ ማንም እንዳይረግጠው ከግድግዳው ጥግ አስቀምጠው ተነሱ። ወደ እኔ አላዩም። ከፖሊሶቹ መሀል ሆነው ሲወጡ በሩ ላይ ጎንበስ አሉ፤ ረጅም ነበሩ።

በማግስቱ የተቆረጠውን ዛፍ እንድለካ ተላክሁ። ከመንገዱ ዳር በጎኑ ተኝቷል። ቁጥሬ አለበት፤ የኔው ቆርቆሮ፣ የኔው ሚስማር። በዚያ ውፍረት ላይ ሜትሩን ብቻዬን መጠምጠም አልቻልኩም፤ ሹፌሩ ያዘልኝ። ልኬቱን ፍርድ ቤት አቀረብኩ። ዳኛው "መቁረጣቸውን በአንደበታቸው ነግረውሻል?" አሉኝ። "አዎ" አልኩ። ለምን እንደቆረጡት የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም። ሐጂ ራሳቸው ለማስረዳት ሞክረው ነበር። ዳኛው ጥቂት ሰምተው ይህ ከክሱ ጋር ግንኙነት የለውም አሏቸው። ደንቡን ያጸደቁት እርስዎ ነዎት አይደል ሲሏቸው "አዎ፣ እኔ ነኝ፤ ጣቴ ነው" አሉ። ስድስት ወር ተፈረደባቸው።

ጎባ ታስረው ሳሉ አንድ ጊዜ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ሙዝና ስኳር ይዤ ነበር። በር ላይ የማዶውን ሊቀመንበር አገኘሁት፤ ባዶ ሳህን ይዞ ሲወጣ ነው። በየሁለት ሳምንቱ በአይሱዙው እየመጣ ምግብ ያስገባላቸው እንደነበር ያኔ ነው ያወቅሁት። ሰላምታዬን ተቀበለኝና ወደ መኪናው ሄደ።

ሐጂ ከሽቦው ወዲያ ቆመው ሰላም አሉኝ። ቤተሰቤን በሙሉ ጠየቁ። ነገር ግን "ኢንተላ ኮ" ያሉኝ አፍ "እርስዎ" አለኝ። በኦሮምኛም ቢሆን ለማይቀርቡት ባለሥልጣን የሚባለው ነው።

"ዛፌ ተመዘገበ?" አሉኝ።

"ተመዝግቧል ሐጂ።"

"ምን ተብሎ?"

"ጥፋት ተብሎ።"

"የቆመ ጊዜስ ምን ተብሎ ተመዝግቦ ነበር?"

ምንም ተብሎ አልተመዘገበም ነበር፤ ውፍረቱና ቁጥሩ ብቻ ነው የተጻፈው። ይህንኑ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ስለ ሙዙ አመሰገኑኝ፤ ጥበቃው ሰዓት አለቀ አለ።

ግንዱ እዚያው መንገድ ዳር ከረመ። የወረዳው ጽሕፈት ቤት እኔ ነኝ የምሸጠው አለ፤ የደን መሥሪያ ቤቱ የለም እኔ ነኝ አለ፤ ደብዳቤ ተጻጻፉ። በሦስተኛው ክረምት እንጉዳይ በቀለበት።

ሐጂ ሲፈቱ መንደራቸው ሌላ ሆኖ ጠበቃቸው። ከወንዙ በኩል ያለው ዳገት ተራቁቷል። ደኑን ከሰማይ የሚከታተለው ሳተላይት ይህን አየ፤ እኛ ቢሮ የሐጂ መንደር አሁን "ትኩረት የሚሻ ቦታ" ተባለ። ትኩረት የሚሻ ቦታ በጀት አለው። ሥልጠና ተሰጣቸው፤ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ተሰጣቸው፤ ቢጫ ቀለም የተቀባ ዘመናዊ ቀፎ በእንጨት እግር ላይ እየቆመ ተደረደረላቸው። አስተባባሪው ሪፖርቱን ሲያነብልኝ ደስ ብሎት ነበር። "አየሽ፣ አሁን እነሱም ተጠቃሚ ሆኑ" አለኝ። እሱ አያፌዝም ነበር። የሚያስፈራኝም ይሄው ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። በማግስቱ ለቀቅሁ ብል ጥሩ ነበር፤ ውሸት ይሆናል። የለቀቅሁት ውሌ ሲያልቅና ሳይታደስልኝ ሲቀር ነው። ሮቤ ውስጥ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ በሚሸጥ ድርጅት ተቀጠርኩ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነኝ። ደን ለመጠበቅ የሚከፈል ገንዘብ ሲወራ በሬዲዮ ስሰማ አጠፋዋለሁ። ባለቤቴ ምን ሆነሽ ነው ይለኛል፤ ራሴን አመመኝ እለዋለሁ።

ሐጂ የሞቱት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ ለቀብር አልደረስኩም፤ ለተዕዚያ፣ ቤተሰቡን ለማጽናናት፣ ሄድኩ። ከመኪናው መንገድ ያለው የሁለት ሰዓት ጉዞ አሁን አንድ ሰዓት ሆኗል፤ የሚዞሩት ደን ስለሌለ መንገዱ ቀጥ ብሏል። ፀሐይ ላይ ነው የሚሄዱት። ሚስታቸው ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፄን ሰምተው "ያቺ ሮቤ ያለችው ናት?" አሉ፤ እጄን ያዙኝ፤ ዱዓ አደረጉልኝ። እኔም የማይገባኝን ዱዓ ተቀበልኩ።

ዛፉን አብሯቸው የቆረጠው የበኩር ልጃቸው ሸኘኝ። ስለ አባቱ ይወቅሰኛል ብዬ ስጠብቅ ስለ ዝናቡ አወራልኝ፤ ዘንድሮ ዘግይቶ ገባ አለ። ከዚያ ወንዙ ዳር ያለውን ማሳውን አሳየኝ። አምስት ሳምንት ሙሉ ሜትር ይዤ የዞርኩበት ቦታ ነው። በቆሎው ከራሴ በላይ ቆሟል።

"መሬቱ ገና አዲስ ነው፤ ጥሩ ይሰጣል" አለ። "ሦስት አራት ዓመት ይሰጣል ይላሉ።"

"ከዚያ በኋላስ?"

"ከዚያ በኋላ ሌላ ይታያል።"

እሸቱን እየገነጠለ ማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ፣ ለልጆችሽ ውሰጂ ብሎ እስከ መንገዱ ተሸክሞልኝ መጣ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። ሮቤ ወስጄ ቀቀልኩት፤ ጎረቤት ሳይቀር ጠራሁ። እኔም በላሁ። ጣፋጭ ነበር።